ከበረሃ ቃጫ ገመድ የመግመድ ሙያ

ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ በሚቀዳባቸው የቆላ መንደሮች ገመድ ሲበጠስ ጄሪካኑም የቤተሰቡ የዕለት ውኃም ከጉድጓዱ ይቀራል። የፕላስቲክ ገመድ ከገበያ ቢገኝም ፀሐይ እያደረቀ ይሰባብረዋል። ስለዚህ አባቶቻችን በእጃቸው ይዘውት የኖሩትን ሙያ ማጥናት ይገባናል። (ገመድ ሲነሣ ብዙዎቻችን የደብረ ዳሞን ገደል እናስታውሳለን፤ ያ ግን ከቆዳ የተሠራ ነው።)

በደረቅና ድንጋያማ ሥፍራ የሚበቅለው፣ በሳይንስ ሳንሰቪዬሪያ ሲባል የኖረው፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የቆመው የበረሃ ቃጫ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው። በየአጥሩ የምናየው ቃጫ ጥንተ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን ይህኛው የአፍሪካ በቀል ነው። የውጭ ቅጠሎቹ ብቻ ቢቆረጡ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። የግራር ልጥም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ስለሚቋረጥ ዛፉ ይደርቃል። ለአንድ ገመድ ሲባል ጥላንና የፍየል መኖን ማጥፋት አግባብ አይደለም፤ ልጥ የግድ ካስፈለገ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይወሰድ።

ቅጠሉ በግንድ ላይ ተጋድሞ በዱላ በዝግታ ይቀጠቀጣል፤ ቀጥሎም ሥጋው በደነዘዘ ቢላዋ ይፋቃል። የሰላ ስለት ጭረቱን ይቆርጠዋል። ጭማቂው ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል ዓይንን መንካት አይገባም፤ እጥበቱም ከምንጭና ከከብት መጠጫ ርቆ ይሁን። ታጥቦ የተሰጣው ጭረት ሲደርቅ ይበጠራል።

የሙያው ምሥጢር ያለው በመግመዱ ላይ ነው። ጥቂት ራስ ያለው ጭረት ከመካከሉ ሳይሆን ከአንድ ወገን ጠጋ ብሎ ይታጠፋል፤ አለዚያ ሁለቱ ክሮች በአንድ ሥፍራ ያልቃሉ፣ ገመዱም በዚያው ይበጠሳል። ጭረቱ ረጠብ ተደርጎ እያንዳንዱ ክር ወደ ቀኝ ይከረራል፤ ሁለቱ ክሮች ደግሞ እርስ በርሳቸው ወደ ግራ ይጠመዘዛሉ። ክሩ ለመፈታት ሲታገል ጓደኛውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ገመድ ያለ ቋጠሮ የሚጸናው በዚህ ተቃርኖ ነው። አንዱ ክር ሲሳሳ፣ ሳያልቅ፣ አዲስ ጭረት ይጨመርበታል። ሁለቱንም በአንድ ቦታ መቀጠል ግን ክልክል ነው።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ አዲሱ ገመድ አስቀድሞ 60 ኪሎ ያህል አሸዋ ተሸክሞ ይፈተን፤ ሰው ወደ ጉድጓድ ለማውረድ ግን ፈጽሞ አይዋል። ርጥብ ሆኖ መሬት ላይ ያደረ ቃጫ ይበሰብሳልና፣ ከተቀዳ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ሥፍራ ተሰቅሎ ይደር።