እጁን የሚረሳ ልጅ፦ ሴሬብራል ፓልሲና የሰውነት ግንዛቤ ምርመራ

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ታፍኖ ነበር፤ ኋላ ላይ ሴሬብራል ፓልሲ ነው ተባልን። ቀኝ ጎኑ ደከም ይላል እንጂ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ትምህርትም ይቀበላል። ቀኝ እጁን ግን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ሹራብ ሳለብሰው እጁ እጅጌው ውስጥ የት እንደደረሰ አያውቅም። ጎረቤቶቼ «ስንፍና ነው፣ ተቆጪው» ይሉኛል። ፊዚዮቴራፒስቷ ደግሞ የሰውነት ግንዛቤው ይመርመር አለች። አፍንጫህ የታል፣ ጉልበትህ የታል ሲባል አንዱንም አይስትም። ታዲያ ምኑ ነው የሚመረመረው?
የልጁ እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ቁጣው ይቅር። የጻፉልን ነገር ከስንፍና ይልቅ የስሜት መጓደልን ይመስላል።

ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ችግር ነው። ስሙ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበን የጡንቻ መገተር ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴን የሚያዝዘውና ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ክፍሎች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጉዳቱ አንዱን ሲነካ ሌላውን ሳይነካ የሚያልፈው ሁልጊዜ አይደለም። ቲዛርድ፣ ፔይንና ክሮዘርስ የተባሉ ሐኪሞች አንድ ጎናቸው በደከመ ልጆች ላይ ስላዩት የስሜት ችግር በ1954 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። እንዲያም ሆኖ ዛሬም ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል።

ልጅዎ የአካል ክፍሎቹን ስም ማወቁ ጥሩ ነው፤ ይህ ግን የቃላት እውቀት ነው። የሰውነት ግንዛቤ የምንለው ሳያዩ እጅ የት እንዳለ፣ ምን እንደነካ፣ ምን ያህል እንደታጠፈ ማወቅን ነው።

ጥያቄ፦ ምርመራው እንዴት ይካሄዳል? ያመዋል?

መልስ፦ አያምም፤ ጨዋታ ይመስላል። ልጁ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወይም እጁ በጨርቅ ይጋረዳል። ባለሙያው ጣቶቹን አንድ በአንድ በስሱ እየነካ «የትኛውን ነካሁ?» ይለዋል። ቀጥሎ አንዱን ጣት ግራና ቀኝ ጎኑን ይዞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅስና አቅጣጫውን ይጠይቀዋል። ከላይና ከታች ከያዘው ግን የግፊቱ ስሜት መልሱን ያሳብቃል።

ሌላው የደከመውን ክንድ አንድ ቦታ ላይ አድርጎ ልጁ በደህናው ክንዱ ያንኑ አቋም እንዲያሳይ ማድረግ ነው። የደከመው ክንድ እንዲያሳይ ቢጠየቅ ስህተቱ ከስሜት ይሁን ከጡንቻ መለየት ያስቸግራል።

ከዚያም ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ማንኪያ እያስጨበጠ በዳሰሳ ብቻ እንዲለይ ያደርገዋል። ጣቶቹ አልታዘዝ ካሉት ባለሙያው ራሱ ዕቃውን መዳፉ ውስጥ ያንከባልልለታል። ደህና የሚባለው እጅም መመርመር አለበት፤ አንዳንዴ እሱም ላይ ጉድለት ይገኛል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ልጆች መናገር አይችሉም። እነሱስ?

መልስ፦ በጣት፣ በዓይን፣ በሥዕል መርጠው ይመልሳሉ። ልጁ ጥያቄውን መረዳቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ዓይኑ ተገልጦ ይሞከራል። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ አልተሰማውም ማለት አይደለም። ከ5 ዓመት በታች ላሉት እንዲህ ያለው ፈተና እምብዛም አያስተማምንም፤ ሲጫወቱና ሲለብሱ ማየቱ ይበልጣል። «ሰው ሣል» የሚለው ፈተናም ብቻውን አይበቃም፤ እርሳስ መያዝ ያቃተው ልጅ ሥዕሉ ቢጎድል ግንዛቤው ጎደለ አያሰኝም።

በካርዳችሁ ላይ ከ1 እስከ 5 የተሰጠ የእንቅስቃሴ ደረጃ ካለ እሱም የሰውነት ግንዛቤውን አይነግራችሁም። ያ ደረጃ ልጁ እንዴት እንደሚቀመጥና እንደሚንቀሳቀስ እንጂ ምን እንደሚሰማው አይለካም።

ጥያቄ፦ ውጤቱ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሕክምናውን ይመራል። ስሜቱ የደከመ ልጅ እጁን በዓይኑ መምራት ስላለበት ሥራው ፊት ለፊቱ፣ በቂ ብርሃን ባለበት ይሁንለት። ከማሸት ይልቅ ልጁ ራሱ የሚሠራው ልምምድ ይበልጥ ይረዳል፤ ኳስ በሁለት እጅ መያዝ፣ ሊጥ መደፍጠጥ፣ ፌስታል ውስጥ ያለ ዕቃ መጀመሪያ እያየ ኋላም ሳያይ መፈለግ። ስሜቱን ሙሉ ለሙሉ ይመልሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ የእጁን አጠቃቀም ግን ማሻሻል ይቻላል።

ለአደጋም ያስጠነቅቃል። የገላውን ውኃ ሙቀት በደከመው እጁ አያስለኩት። የእግር ድጋፍ ወይም ጠባብ ጫማ የሚያደርግ ከሆነ ሲያወልቅ ቆዳውን ይዩለት፤ ቀልቶ ቶሎ የማይለቅ ቦታ ካለ ድጋፉ ይስተካከል።

በመጨረሻ፣ በሴሬብራል ፓልሲ የአንጎል ጉዳቱ ራሱ እየባሰ አይሄድም። ስለዚህ ልጅዎ ትናንት የሚችለውን ዛሬ ካቃተው፣ ወይም በደህናው ጎኑ አዲስ መደንዘዝ ከመጣ፣ «የቆየ ሕመሙ ነው» ብለው አይተዉት፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።