ስለ ሌላው ከመናገራችን በፊት

የሚነበብ፦ 2ኛ ሳሙኤል 12፥1-7፤ ምሳሌ 31፥8-9

ነቢዩ ናታን የድሀውን በደል በምሳሌ ነገረ፤ ንጉሡም ፈረደ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ሆነ። በአገራችንም ይህን የሚመስል ሥራ ተሠርቷል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ በተሸሸገ ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ፎቶግራፍ አነሡ፤ በዩኒቨርሲቲው ግቢም አሳዩት።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም የተነሣው ፊልም በዓለም ታየ። የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ዘፈን አወጡ፤ ብዙ ርዳታም ተገኘ፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የዘፈኑ ርእስ የተራቡት ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ እንደሆነ ይጠይቃል። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዚያው በወሎ ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶችም አንዱ በአምባሰል ስም ይጠራል። ሕዝቡ እምነትም ዜማም ነበረው፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።

እኛም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የአንዲት ተፈናቃይ እናት ፎቶግራፍ አነሣሁ፤ ስሟን ግን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ ስለ ውኃ ወይም ከቆላ ጎረቤቶቻችን ጋር ስለሚነሣ የግጦሽ ጠብ ድራማና መዝሙር ስናዘጋጅ፣ ችግሩ የደረሰበት ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አስቀድሞ ይናገር፤ ያዘጋጀነውንም እርሱ ያርመው።

ለውይይት፦
1. ናታን ምሳሌውን ያስቀደመው ስለ ምንድር ነው?
2. በአጥቢያችን ስለ እርሱ እየተናገርን ገና ያልሰማነው ማን ነው?