የልጄ ክንድ ተሰበረ፤ ደም አጥንት ይሠራል?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ወንድ ልጄ ከደረጃ ወድቆ የቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ጀሶ ከታሰረለት ሳምንት ሆነው። ጎረቤቴ «ደም ውስጥ አጥንት የሚሠሩ ሴሎች አሉ፤ ወጌሻ ቢያሸው ደሙ ተንቀሳቅሶ ቶሎ ይገጥምለታል» ይሉኛል። እውነት ነው? ሴሎቹን የሚጨምር መርፌስ ይኖራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሴሎቹ ጎረቤትዎ አልተሳሳቱም። ኦስቲዮብላስት የሚባሉት አጥንት ሠሪዎች ከአጥንት እንደማይርቁ ይታሰብ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የዚሁ ዘር ሴሎች በደም ውስጥ ሲዘዋወሩ አገኙ፤ የለዩአቸውም ኦስቲዮካልሲን በተባለው የአጥንት ፕሮቲን ነው። የሚገርመው፣ ቁመታቸው በሚመዘዝበት ዕድሜ ላይ ባሉ ወንዶች ልጆች ከአዋቂዎች በብዙ እጥፍ በዝተው ተገኙ፤ አጥንታቸው በተሰበረ ሰዎችም ጨምረው ታዩ። ልጅዎ በስብራቱ ታድሏል ባልልም፣ ዕድሜው ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ ዋናውን ጥገና የሚሠሩት አጥንቱን በለበሰው ስስ ሽፋንና በመቅኔው ያሉ ሴሎች ናቸው፤ በደም የሚመጡት አጋዥ ናቸው። ስብራቱ ላይ የረጋው ደም ሴሎቹን የሚጠሩ ንጥረ ነገሮች ይለቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ልም አጥንት ይሠራል፤ ቀስ በቀስ ካልሲየም ገብቶበት ይጠነክራል። ማሸት ይህን ጅምር ያፈርሳል፤ የተስተካከለውንም አጥንት ያናጋል።

እጃቸው የተባረከ ወጌሾች መኖራቸውን አልክድም። እኔን የሚያስፈራኝ አጥብቆ ማሰር ነው። በቀርከሃ ተጠፍሮ ደም ያጣ እጅ ጣቶቹ ጠቁረው፣ መቆረጥ ግድ የሆነባቸው ልጆች ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። ደም ካልደረሰ ስለ ደም ሴል ማውራት ምን ይረባል? ጀሶም ቢሆን ሊጠብ ይችላል። ስለዚህ ጣቶቹን በየቀኑ ይዩለት፤ ካበጡ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ሲዘረጉም ሕመሙ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ይውሰዱት። ቀጠሮ አይጠብቁ።

ለእንዲህ ዓይነት ስብራት የሚታዘዝ የሴል መርፌ የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን አይመኑ። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ ይብላ፤ ፀሐይም ያግኝ። ጀሶው ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሲፈታ ቦታው ላይ ጠጣር ጉብታ ቢዳስሱ አይደንግጡ፤ አዲሱ አጥንት ነው፣ በወራት ውስጥ እየተስተካከለ ይሄዳል። ኳስ ሜዳ የሚመለሰው ግን ሐኪሙ ራጅ አይቶ ሲፈቅድለት ነው።