መስኮቱን በቦታው የሚያኖረው ማን ነው?

ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም ሲከፈት መስኮቱ በየትኛው የስክሪን ጥግ እንደሚያርፍ፣ ሌላ መስኮት ሲመጣበትም ከላይ ይሁን ከሥር የሚወስነው ማን ነው? አብዛኛው ተማሪ «ኮምፒውተሩ ራሱ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። በሊኑክስና በመሰል ሥርዓቶች ዘንድ ግን ለብዙ ዓመታት ይህን ሲወስን የኖረው እንደማንኛውም ፕሮግራም የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የመስኮት አስተዳዳሪ የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው።

የነገሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ነው። የሠሪዎቹ መርሕ ሥርዓቱ መሣሪያውን ያቅርብ እንጂ አጠቃቀሙን አይደንግግ የሚል ነበር። ስለዚህ የኤክስ ሰርቨር ይስላል፣ የቁልፍና የማውስ ምልክት ያደርሳል፤ መስኮቱ የት ይቀመጥ ለሚለው ግን የራሱ አስተያየት የለውም።

አስተዳዳሪው ሥራ ሲጀምር፣ መስኮት ለመክፈት ወይም ለማንቀሳቀስ የሚቀርብ ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ ለእርሱ እንዲደርሰው በሰርቨሩ ዘንድ ይመዘገባል። ይህን መብት በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ የመጣለትን ጥያቄ በመፈጸም ፈንታ ለአስተዳዳሪው ያስተላልፋል፤ እርሱም የርእስ መስመርና ጠርዝ ያለው ክፈፍ አዘጋጅቶ የፕሮግራሙን መስኮት በውስጡ ያስገባል።

የዚህን አሠራር ጥቅም የተረዳሁት በውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ነው። ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ልኬት በኮምፒውተር እየተመዘገበ ሳለ የመስኮት አስተዳዳሪው በድንገት ቆመ። ክፈፎቹ ሁሉ ጠፉ፤ መስኮቶቹ ግን እርቃናቸውን ባሉበት ቀሩ። ሰርቨሩ አስተዳዳሪው ሲሞት መስኮቶቹን ከክፈፋቸው እንዲያወጣ አስቀድሞ ታዞ ነበርና ልኬቱ ምንም አልሆነም። ክፍት ከነበረው ተርሚናል አስተዳዳሪውን እንደገና ባስነሣው ክፈፎቹ ተመለሱ።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች መካከል ዕድሜ ጠገብ ከሆኑት አንዱ ኤፍቪደብሊውኤም ነው። ሮበርት ኔሽን እ.ኤ.አ. በ1993 ቲደብሊውኤም የተባለውን ቀዳሚ አስተዳዳሪ ወስዶ ሜሞሪ እንዲቆጥብ አድርጎ አሻሻለው። ከስክሪኑ የሰፋ ዴስክቶፕም ጨመረበት፤ ለፊዚክስ ተማሪ ደስ የሚለው ይህ ነው። ስክሪኑ 1024 ነጥብ ስፋት ቢኖረው፣ አግድም ቦታው 1500 የሆነ መስኮት ከዓይን ውጭ ነው። ተጠቃሚው ወደ ቀጣዩ ገጽ ልለፍ ሲል ስክሪኑ የትም አይሄድም፤ አስተዳዳሪው ከእያንዳንዱ መስኮት አግድም ቦታ 1024 ይቀንሳል፣ የእኛም መስኮት 476 ላይ ብቅ ይላል። የማጣቀሻ ሥርዓት ለውጥ ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ኔሽን ሥራውን ለሌሎች ካስረከበ ወዲህ ፕሮግራሙን የሚንከባከቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለሆነ አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስተኛው ትውልድ ወጥቷል። በስሙ መጀመሪያ ያለው ኤፍ የምን ምሕጻር እንደሆነ ግን ተረስቷል ይባላል!

አሁን የገጠማቸው ፈተና ከድካም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ሰርቨሩንና አስተዳዳሪውን አንድ ፕሮግራም አድርጓቸዋል። ምክንያት አለው፤ በኤክስ አንድ ፕሮግራም ሌላው የሚቀበለውን የቁልፍ ምት ሊሰልል ይችላል፣ ዌይላንድ ይህን በር ዘግቷል። ነገር ግን ያ አንድ ፕሮግራም ከወደቀ ብዙውን ጊዜ መስኮቶቹም አብረው ይወድቃሉ። ለኤክስ የተጻፈ አስተዳዳሪ ወደ ዌይላንድ ይሻገር ቢባል ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ ያለ ደመወዝ በትርፍ ሰዓት ለሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። በእኔ አስተያየት የደኅንነቱ ጥያቄ ሚዛን ይደፋል፤ ያችን የሦስት ቀን ልኬት ሳስታውስ ግን ልቤ ይከፈላል።

ኤክስ የሚሠራበት ኮምፒውተር ያላችሁ ተማሪዎች አስተዳዳሪውን አቁማችሁ መስኮቶቹ ምን እንደሚሆኑ ተመልከቱ። በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ከእርሱ ጋር ሁሉም ፕሮግራም ሊዘጋ ስለሚችል አስቀድማችሁ ሥራችሁን አስቀምጡ።