ስለ ጉልበት ቁርጥማትና ስለ መርፌ

በቆቦና በራያ ቆላ የሚኖረው ሕዝብ ኑሮው በጉልበቱ ላይ የቆመ ነው። ገበሬው ለማሽላውና ለጤፉ ሲል ከሞፈር ኋላ ሲመላለስ ይውላል፤ የቤት እመቤቲቱ ውሃና እንጨት ትሸከማለች፤ ከዞብል ተራራ ወርዶ ገበያ የሚገባው መንገደኛም ቁልቁለቱን የሚወርደው በጉልበቱ ነው። ስለዚህ ዕድሜ ሲገፋ ጉልበትን ቆረጠመኝ፣ ተሳሰረብኝ ማለት በየቤቱ የሚሰማ ነገር ነው። ሕመምተኛውም ብዙውን ጊዜ «አንድ መርፌ ብወጋ ይለቀኝ ነበር» ይላል፤ ለዚሁም ሲል ፍየሉን እስከ መሸጥ ይደርሳል። ስለሆነም በዚህ ወር ትምህርታችን መርፌ ለቆየ የጉልበት ሕመም ይረዳልን? ከረዳስ እስከ ምን ድረስ ነው? የሚለውን እንመረምራለን።

ጉልበት እንዴት ይታመማል?

የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙት በጉልበት ላይ ነው። የሁለቱም ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተለብጧል፤ በመካከላቸውም መገጣጠሚያውን እንደ ቅባት የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ዕድሜ ሲጨምር፣ ሰውነት ሲከብድ፣ ወይም ጉልበት ቀድሞ በመውደቅ ተጎድቶ እንደሆነ፣ ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሰውየው ከተቀመጠበት ሲነሣ ጉልበቱ ይገትረዋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ያመዋል፤ ሲያጥፈውም ይንቋቋል። የሳሳውን ልም አጥንት መልሶ የሚያበቅል መርፌ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው።

ነገር ግን የጉልበት ሕመም ሁሉ ከዚህ የመጣ አይደለም። ጉልበት በድንገት አብጦ ቢግልና ትኩሳት ቢኖረው፣ በውስጡ መግል የሚፈጥር ተሕዋስ ገብቶ ይሆናል። ያልተፈላ የግመል፣ የፍየል ወይም የላም ወተት የሚጠጣ ሰውም ብሩሴሎሲስ በሚባል በሽታ ተይዞ መገጣጠሚያው ሊታመም ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስም አንዳንድ ጊዜ ወደ ጉልበት ይወርዳል። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ ሳይመረመሩ መርፌ መወጋት ግን በሽታውን ሸፍኖ ያባብሰዋል።

ሁለት ዓይነት መርፌ

ሕዝባችን መርፌ ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። የመጀመሪያው በመቀመጫ ወይም በክንድ ላይ የሚወጋው የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህ ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙን ያደነዝዛል እንጂ ጉልበቱን አያድንም። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በኪኒንም የሚገኝ ስለሆነ፣ በመርፌ በመሰጠቱ ብቻ የተለየ የማዳን ኃይል አያገኝም። እንዲህ ያለው ማስታገሻ ሲደጋገም ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው በራሱ በጉልበቱ ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1951 ዓ.ም. ጆሴፍ ሆላንደር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የዚህን መድኃኒት ወገን በመገጣጠሚያ ውስጥ ሰጥተው ውጤቱን ካስታወቁ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። በእውነትም እብጠቱንና ሕመሙን ለጥቂት ሳምንታት ያበርዳል። ታዲያ እየደጋገሙ ቢወጉትስ? በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከ140 ሕመምተኞች እኩሌቶቹ በየ12 ሳምንቱ ለ2 ዓመት ስቴሮይድ ተወጉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ የጨው ውሃ ብቻ ተወጉ። በመጨረሻም በሕመማቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ሰዎች ልም አጥንት ግን ከሌሎቹ ይልቅ ሳስቶ ተገኘ።

በ2020 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ 156 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን መርፌ፣ ለሌላው ወገን በባለሙያ የሚመራ የእግር እንቅስቃሴ ሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ እንቅስቃሴ የሠሩት ሕመማቸው ቀንሶ፣ አካሄዳቸውም ተሻሽሎ ተገኙ። ከራስ ደም ተጣርቶ በውድ ዋጋ የሚሰጠው መርፌም ቢሆን፣ በአውስትራሊያ በ288 ሰዎች ላይ ተፈትኖ በ2021 ዓ.ም. እንደ ታወቀው፣ ከጨው ውሃ የሚበልጥ ጥቅም አላሳየም።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ የጉልበት ውስጥ መርፌ ሕመሙ በጠናና እብጠቱ በበዛ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ፋታ ይሰጣል፤ ሕመምተኛውም ፋታውን እግሩን ለማጠንከር ቢጠቀምበት መልካም ነው። ይህንንም የሚወጋው የሠለጠነ ሐኪም ብቻ መሆን አለበት፤ በ3 ወር ውስጥም ሊደገም አይገባም። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ስኳሩን ለጥቂት ቀናት ከፍ ስለሚያደርግበት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

በየቤቱ ከሚወጋ መርፌ እንጠንቀቅ

ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ የሚወጋ መርፌ ከጉልበት ሕመም የከፋ መዘዝ ያመጣል። ያልተገባ ቦታ ሲወጋ ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ጎድቶ እግርን ሊያሰንፍ ይችላል፤ ንጹሕ ካልሆነም መግል የያዘ እብጠት ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2000 ዓ.ም. ብቻ ንጽሕና በጎደለው መርፌ ምክንያት በዓለም ላይ 21 ሚሊዮን ሰዎች ጉበትን በሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ፣ 260,000 ሰዎችም በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። ስለዚህ መርፌው ከነሲሪንጁ አዲስ ሆኖ በፊታችን ከታሸገበት ካልተከፈተ በቀር ልንወጋ አይገባም።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ የጭንን ጡንቻ ማጠንከር። በመደብ ወይም በወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፤ እስከ 5 ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ ይህንንም በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ፣ ጧትና ማታ መደጋገም ነው። ውጤቱ በሳምንታት ስለሚታይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ጥቂት ቢያምም አያስፈራም፤ ሕመሙ ቢበረታ ግን ቁጥሩን መቀነስ ነው። ፈጽሞ ተኝቶ መዋል ጡንቻውን ስለሚያደክመው ጉልበትን ይጎዳል።

2ኛ/ ክብደት የበዛበት ሰው ክብደቱን መቀነስ። ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ይቀንሳል።

3ኛ/ ዱላን በአግባቡ መያዝ። የራያ ሰው ዱላ አይለየውም፤ ነገር ግን ዱላው ጉልበትን የሚያሳርፈው ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ነው። ቀኝ ጉልበቱ የታመመ በግራ እጁ ይያዝ።

4ኛ/ አቀማመጥን ማስተካከል። ቡና ሲፈላም ሆነ እንጀራ ሲጋገር ዝቅ ካለ በርጩማ ይልቅ ከፍ ባለ መቀመጫ መቀመጥ ይሻላል። ስግደትና ሶላት ላይ መንበርከክ የሚያስቸግረው ሰውም የሃይማኖት አባቶችን ጠይቆ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልይ።

5ኛ/ ሕመሙ ሲጠና የሚቀባ ማስታገሻ ወይም ኪኒን በጤና ባለሙያ ምክር መውሰድ።

ጉልበቱ ያበጠና የጋለ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ወይም እግሩን መርገጥ ያቃተው ሰው ቀን ሳይቆጥር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል። ሌላው ሕመምተኛ ግን ፍየሉን ለመርፌ ከመሸጡ በፊት ከዚህ በላይ የተጻፈውን እንቅስቃሴ 2 ወር ያህል ሳያቋርጥ ይሞክረው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቅሙም ከመርፌው ይልቅ የሚቆይ ነው። ማንበብ የማይችሉ ጎረቤቶች እንዲሰሙትም ይህን ትምህርት እንድታነቡላቸው አደራ እንላለን።