ቆርቆሮ ከመቀየራችን በፊት፦ የጣሪያ ዕድሜና ከላይ የሚገባ ብርሃን



ክረምት ሲገባ ብዙዎቻችን የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ቆርቆሮው ይቀየር። ገንዘብ እንልካለን። የተገዛው ቆርቆሮ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን እምብዛም አንጠይቅም፤ ብንጠይቅም ስለ ቀለሙ ነው። እኔ የማቴሪያል ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ከእኅቶቼ ጋር ሆነን ሽሮ ሜዳ ለሚኖሩት አክስታችን ጣሪያ የሚሆን ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። አክስቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ይሠራሉ። የሚሠሩበት መካከለኛ ክፍል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ስላለችው በጠራራ ፀሐይም አምፖል ይበራል፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሲቀየር ከላይ ብርሃን የሚገባበት ቦታ እንዲበጅ ፈልገናል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በክፍል የተማርኩትን ለዚህ ጉዳይ ሳውለው ያገኘሁት ነገር ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም ነው። ዋናውን ነጥብ ላስቀድመው፤ ቆርቆሮ የሚያረጀው ልባጡ ሲያልቅ ነው፤ የሚያፈሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተበሳበትና በተጋጠመበት ቦታ ነው። ከሱቅ የምንገዛውንም ሆነ ብርሃኑን የምናስገባበትን ቦታ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ሞገዱና ልባጡ

የምናውቀው ቆርቆሮ የሁለት ፈጠራዎች ውጤት ነው። የመጀመሪያው ሞገዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለሞገደኛ ብረት የባለቤትነት መብት አወጣ። አንድ ወረቀት በሁለት ጫፉ ደግፋችሁ ብትይዙት መሐሉ ይጎብጣል፤ እንደ ማራገቢያ ብታጣጥፉት ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክብደትም ይሸከማል። ቀጭን ብረት ጣሪያ መሆን የቻለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ፈጠራ ልባጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ለመለበጥ የባለቤትነት መብት አገኘ። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ፋብሪካዎች ብረቱን የሚነክሩት 450 ዲግሪ አካባቢ ባለው ገንዳ ነው። ዚንኩ ብረቱን በሁለት መንገድ ይጠብቃል። አንደኛ፣ ውኃና አየር እንዳይነኩት ይሸፍነዋል። ሁለተኛ፣ ቆርቆሮው ተጭሮ ብረቱ ቢጋለጥ እንኳ በጭረቱ ዙሪያ ያለው ዚንክ ቀድሞ ይበላል፤ ለብረቱ ቤዛ ይሆናል። ቀለም ብቻ የተቀባ ብረት ሲጫር ዝገቱ ከቀለሙ ሥር እየተስፋፋ ይሄዳል፤ በዚንክ የተለበጠው ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም።

ቤዛ ግን ያልቃል። ጥያቄው በስንት ዓመት ያልቃል የሚለው ነው።

ጌጅ ሌላ፣ ግራም ሌላ

ሱቅ ስንሄድ የምንሰማው ቁጥር ጌጅ ነው። ጌጅ የብረቱን ውፍረት የሚገልጽ ሲሆን ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። 28 ጌጅ የሚባለው 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 32ና 35 ከዚያ እየሳሱ ይሄዳሉ። ውፍረት የሚጠቅመው ለጥንካሬ ነው፤ በረዶ እንዳይቀጠቅጠው፣ ነፋስ እንዳይገነጥለው፣ ሰው ሲረግጠው እንዳይሰረጉድ።

ዕድሜውን የሚወስነው ግን የዚንኩ መጠን ነው። ይህ የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሁለቱም ገጽ ስንት ግራም ዚንክ እንዳለ በመቁጠር ነው። ዜድ 100 ማለት 100 ግራም፣ ዜድ 275 ማለት 275 ግራም ነው። የመጀመሪያው በእያንዳንዱ ገጽ 7 ማይክሮን፣ ሁለተኛው 19 ማይክሮን ያህል ውፍረት ይሰጣል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።

አሁን ዕድሜውን እናስላ። አይሶ 9223 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ አየርን በሚያደርሰው ጉዳት ይከፋፍለዋል። ብክለት ዝቅ ባለበት አየር ዚንክ በዓመት ከ0.1 እስከ 0.7 ማይክሮን፣ መካከለኛ በሆነው ከ0.7 እስከ 2.1፣ ፋብሪካ በበዛበት ወይም የባሕር ጨው በሚደርስበት ከ2.1 እስከ 4.2 ማይክሮን ይበላል። የመኪና ጭስ ላለበት ከተማ ለስሌት እንዲቀልለን 1 ማይክሮን እንውሰድ። ዜድ 100 በ7 ዓመት ልባጡን ይጨርሳል፤ ዜድ 275 ግን 19 ዓመት ይቆያል። ሁለቱም አዲስ ሲሆኑ ያብለጨልጫሉ፤ ጌጃቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም።

ሌላው አማራጭ የአሉሚኒየምና የዚንክ ቅይጥ ልባጥ ነው፤ በክብደት 55 በመቶው አሉሚኒየም ነው። በአብዛኛው አየር፣ በተለይም በባሕር ዳር፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ንጹሕ ዚንክ ይልቃል። ባለቀለም ቆርቆሮን በተመለከተ ደግሞ ቀለሙ ተጨማሪ መከላከያ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ልባጥ ስንት ግራም እንደሆነ ካልታወቀ ግን የምንገዛው መልኩን ብቻ ነው።

ጌጁን ለማረጋገጥ ሚዛን ይበቃል። የአንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ብረት ክብደት በ0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት 3.1 ኪሎ፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር 1.6 ኪሎ ያህል ነው። ሞገዱ ስለሚያጣጥፈው በተሸፈነው ስፋት ሲሰላ ትንሽ ይጨምራል። የዚንኩን ግራም ግን ሚዛን አይነግረንም፤ የፋብሪካውን የጥራት ወረቀት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዕድሜን የሚያሳጥሩ ነገሮች

ጥሩ ቆርቆሮ ገዝቶ በአያያዝ ማበላሸት ቀላል ነው። በተለይ እነዚህን አስታውሱ፦

1. ተደራርቦ የረጠበ ቆርቆሮ። ዚንክ ራሱን የሚጠብቅበትን ስስ ሽፋን የሚሠራው አየር ሲያገኝ ነው። በቆርቆሮዎቹ መካከል ውኃ ከገባና አየር ካጣ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ከመመታቱ በፊት ከዝናብ ተጠብቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

2. በግራይንደር መቁረጥ። ፍንጣሪው ልባጡን ያቃጥላል፤ የተበተነው የብረት ብናኝም እዚያው ይዝጋል። በላሜራ መቀስ መቁረጥ ይሻላል።

3. መዳብ። ከመዳብ ቧንቧ የሚንጠባጠብ ውኃ ዚንክን ይበላል። ጣሪያ ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

4. ቅጠልና እርጥብ ሲሚንቶ። ቆርቆሮው ላይና አሸንዳው ውስጥ የተከማቸ የባሕር ዛፍ ቅጠል እርጥበት ይዞ ይቆያል። ግድግዳ ሲለሰን የተረጨ ሲሚንቶም ሳይደርቅ ይታጠብ።

5. ሚስማር በቦዩ ላይ መምታት። ውኃ የሚወርደው በሞገዱ ቦይ ነው። በሞገደኛ ቆርቆሮ ላይ ሚስማሩ ወይም ቡሎኑ ጉብታው ላይ፣ ከነጎማው መመታት አለበት። ጎማው ከብረቱ ቀድሞ ያረጃል፤ ብዙ ጊዜ «ቆርቆሮው አለቀ» የሚባለው ጎማው ተሰነጣጥቆ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ጎማውን መለወጥ ሙሉ ጣሪያ ከመለወጥ ያድናል።

ብርሃኑን የት እናስገባ?

ለብርሃን ብለን ጣሪያ ስንከፍት አዲስ መጋጠሚያ እንፈጥራለን። ከሁሉም የሚያስቸግረው የላይኛው ጫፍ ነው፤ ከአናቱ የሚወርደው ውኃ ሁሉ እዚያ ይደርሳልና።

በቁጥር እንየው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚጥል ኃይለኛ ዝናብ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር በደቂቃ አንድ ሊትር ይቀበላል። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ መክፈቻ ከጣሪያው አናት 4 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢደረግ፣ በላይ ጫፉ ላይ በየደቂቃው 4 ሊትር ውኃ ይመጣል። ከአናቱ ግማሽ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ የሚመጣው ግማሽ ሊትር ነው። ቆርቆሮው ያው፣ ሠራተኛውም ያው ሆኖ አደጋው በስምንት እጥፍ ይቀንሳል።

ከዚህም የሚሻል መንገድ አለ። ብርሃን የሚያስገባው ፕላስቲክ ሞገዱ ከቆርቆሮው ሞገድ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ የላይ ጫፉን በጣሪያው አናት ላይ ከሚደፋው ላሜራ ሥር ማስገባት ይቻላል። ያን ጊዜ ውኃ የሚመታው የላይ መጋጠሚያ አይኖርም። የታች ጫፉ በታችኛው ቆርቆሮ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይደረባል፤ ተዳፋቱ ዝቅተኛ ከሆነ ከዚያም ይጨምራል። ሕጉ አጭር ነው፤ የላይኛው ሁልጊዜ በታችኛው ላይ ይደረባል። ሲሊኮን ረዳት ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ድርቡ ተገልብጦ በሲሊኮን የተደፈነ ሥራ ከጥቂት ክረምት በኋላ ማፍሰሱ አይቀርም።

አቅጣጫውም ይታሰብበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ታልፋለች። በበጋው ወራት ግን ወደ ደቡብ ታጋድላለች፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ጣሪያው 15 ዲግሪ ተዳፋት ካለው፣ በዚያ ሰዓት ወደ ሰሜን ያጋደለው ጎን ከደቡቡ ጎን በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ቀጥተኛ ፀሐይ ያገኛል። ለጥልፍ የሚያስፈልገው ለስላሳ ብርሃን እንጂ የሚያቃጥል ጨረር ስላልሆነ፣ የአክስቴን ብርሃን ወደ እንጦጦ ባጋደለው ጎን ለማድረግ ወስነናል።

ስፋቱን በተመለከተ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ምክር አለ፤ መስኮት ለበዛበት ክፍል ከወለሉ ስፋት 5 በመቶ፣ መስኮት ላነሰበት 15 በመቶ እንዳያልፍ። 16 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል ይህ ከ0.8 እስከ 2.4 ካሬ ሜትር ነው። በደጋ ፀሐይ አነስተኛው ይበቃል፤ ሲበዛ ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ ያስገባል።

ምን ዓይነት ፕላስቲክ?

ፋይበር ግላስ በፀሐይ ይወይባል፤ ርካሹ ፒቪሲ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔት ከሁለቱ የተሻለ ይቆያል፤ አብዛኛውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም ስለሚያግድ የክሩን ቀለም ከመድብዘዝ ያድናል። ነገር ግን ጨረር መከላከያው ብዙ ጊዜ በአንድ ገጹ ብቻ ነው። ያ ገጽ በምልክት ይታወቃል፤ ወደ ሰማይ መዞር አለበት። ከጥርት ይልቅ ወተት የመሰለውን ምረጡ፤ ብርሃኑን ያሰራጫል።

ፕላስቲክ በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት አምስት እጥፍ በላይ ነው። 3 ሜትር ፖሊካርቦኔት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ብረቱ 1.5 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀዳዳው ከቡሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይስፋ፤ ሰፊ ጎማ ይደረግበት፤ እስኪሰረጉድም አይጠበቅ።

ኮርኒስ ካለ ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ በኮምፔርሳቶ ሳጥን ይሠራና ውስጡ ነጭ ይቀባል፤ ወደ ታች እየሰፋ ቢመጣ ብርሃኑ በክፍሉ ይበተናል።

አቅም ለሌለው ቤትም መላ አለ። ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ2002 ውኃና ትንሽ በረኪና የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጣሪያ ቀዳዳ አስገብቶ ክፍሉን በቀን አበራ። በረኪናው ውኃው አረንጓዴ እንዳይሆን ነው። ዘዴው በኋላ በፊሊፒንስና በሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። እዚህም ቢሆን ፈተናው ቀዳዳው ነው፤ ጉብታው ላይ፣ ወደ አናቱ ተጠግቶ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ

ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ሰው አይሸከምም። አቧራ ሲለብስ ደግሞ ከቆርቆሮው አይለይም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለግንባታ ሠራተኞች የጣሪያ መስኮትን እንደ ክፍት ቀዳዳ ይቆጥረዋል። ጣሪያ ለመጥረግ የሚወጣ ልጅ ወይም ሠራተኛ እንዳይወድቅ ከፕላስቲኩ ሥር የብረት መረብ ይወጠር፤ ዙሪያውም በደማቅ ቀለም ይታወቅ።

ገንዘቡን ከመላካችን በፊት

የእኛ ገንዘብ ግቢውን በሙሉ ባለቀለም ስስ ቆርቆሮ ለማልበስ ወይም ዋናውን ቤት ብቻ ወፍራም ልባጥ ባለው ለመክደን ይበቃል። ሁለተኛውን መርጠናል፤ ማዕድ ቤቱ እስከሚቀጥለው ዓመት በአሮጌው ይቆያል። እናንተም ስልኩን ስታነሱ እነዚህን ጠይቁ፦

• ጌጁ ስንት ነው? ተመዝኗል?
• ልባጡ ስንት ግራም ነው? ወረቀት አለው?
• ሚስማሩ ጉብታው ላይ ነው? ጎማ አለው?
• የፕላስቲኩ የላይ ጫፍ ከአናቱ ላሜራ ሥር ገብቷል?
• ጨረር የሚከላከለው ገጽ ወደ ላይ ነው?
• ከሥሩ መረብ አለ?

የእነዚህን መልስ በፎቶ አስልኩ፤ ፎቶው ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት፣ በሚመታበት ጊዜና ከተመታ በኋላ ይነሣ። በሲቪል ምሕንድስና የተመረቃችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ አገር ቤት ጣሪያ ያሠራችሁ፣ የምትጨምሩት ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ብትጽፉ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር ይግጠመን።