በቁም ሳጥን ሥራ የተፈጸመን ስሕተት በመምሪያ ሰሌዳ ስለ ማቅናት

የእጅ ሥራ ሁሉ በልክ ይጸናል፤ ልኩ የጎደለ ሥራ ግን እንጨቱ ያማረ ቢሆን እንኳ ለአገልግሎት አይበቃም። ይልቁንም ለትምህርት ቤት መጻሕፍት ማኖሪያ የሚሆነው ቁም ሳጥን በወላጆች መዋጮ በተገዛ ጣውላ ሲሠራ፣ አንዱ ጎን ስለ ተሳሳተ ይጣልና ሌላ ይገዛ ማለት የድኻውን ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ ስሕተትን ማቅናት ማወቅ፣ አሳምሮ ከመሥራት የማያንስ የአናጺ ትምህርት ነው።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚደርስ

ዘወትር የሚያጋጥመው ስሕተት የመደርደሪያው ቦዮች ትይዩ አለመሆን ነው። ቦይ ማለት የመደርደሪያው ጫፍ እንዲገባበት በጎኑ ጣውላ ላይ የሚቦረቦረው ጎድጓዳ መስመር ነው። ሠራተኛው አንዱን ቦይ ከመስመሩ በላይ፣ ሁለተኛውን ከመስመሩ በታች ቢቦረቡር፣ ልዩነቱ የመደርደሪያውን ውፍረት ያህል ይሆናል፤ ይኸውም 18 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ላይኛውና ታችኛው ጣውላ በኮላ ከተጣበቁ በኋላ መደርደሪያው በጀርባ በኩል ሲገባ ያን ጊዜ ስሕተቱ ይገለጣል። በመዶሻ ማስገደድ ግን ጎኑን መሰንጠቅ ነው። አስቀድሞ ሳጥኑ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ይለካ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ አካሉ ቀጥ ያለ ነውና የሚታረመው ቦዩ ብቻ ነው።

ስለ መምሪያ ሰሌዳው አሠራር

ራውተር ማለት በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ በሚዞር ስለት እንጨትን የሚቦረብር የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። መሪ ካላገኘ ከመስመሩ ይወጣል፤ መሪውንም አናጺው ራሱ ከተራፊ እንጨት ሊሠራው ይችላል።

6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ተደርጎ ይቆረጥ፤ ይህ ወለሉ ነው። በላዩም በርዝመቱ ቀጥ ብሎ የተላገ ዘንግ ይጣበቅ፤ ይህ ድንበሩ ነው። የራውተሩ እግር 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከድንበሩ በስተቀኝ 9 ሳንቲ ሜትር ወለል ይቅር። ኮላው ሲደርቅ ራውተሩ 12 ሚሊ ሜትር ስለት ይዞ ድንበሩን እየታከከ ሲገፋ የወለሉን ትርፍ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ የወለሉ ጠርዝ ስለቱ የሚያልፍበትን ዳር ያለ ስሌት ያሳያል። የስለቱ ልክ በሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ በሌላ ልክ ስለት ቢሠሩበት ጠርዙ ያሳስታልና። በመጨረሻም ከወለሉ በታች በአንዱ ጫፍ መያዣ እንጨት በስኳድራ ተስተካክሎ ይመታ፤ እርሱ የጎኑን ጣውላ ዳር ተደግፎ ሰሌዳውን ቀጥ ያደርገዋል።

ስለ አቀናኑ ተራ

1ኛ፤ የተሳሳተው ቦይ ይጠረግና በዚያው ዓይነት እንጨት ይደፈን። የመድፈኛው አሰር ከጎኑ ጣውላ አሰር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። በኮላ ተጣብቆና ተጠብቆ ይደር፤ በማግሥቱም ይላግ። አዲሱ ቦይ ከአሮጌው ጋር ስለሚዋሰን ሳይደፍኑ መቦርቦር አይገባም።

2ኛ፤ ትክክለኛው ቦይ ከታችኛው ጣውላ ያለው ርቀት ተለክቶ በዚህኛው ጎን ይሰመር። የመደርደሪያውም ውፍረት ራሱ ይለካ፤ 18 ተብሎ የተገዛ ብዙ ጊዜ ጥቂት ይጎድላል።

3ኛ፤ የሳጥኑ ጀርባ ተነሥቶ የሚታረመው ጎን በታች እንዲተኛ ይደረግ። የቦዩ ጥልቀት የጎኑ ውፍረት ሲሶ፣ ማለት 6 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የወለሉ 6 ሲጨመር ስለቱ 12 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ይህም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ይውረድ።

4ኛ፤ ስለቱ 12፣ ቦዩ 18 ስለ ሆነ ሥራው ሁለት ምላሽ ነው። መጀመሪያ የወለሉ ጠርዝ መስመሩን 6 ሚሊ ሜትር አልፎ ይጥበቅ፤ ኋላ ወደ መስመሩ ይመለስ። መሣሪያው ወደ ፊት ሲገፋ ድንበሩ በግራ ይሁን፤ የስለቱ ዙር ራውተሩን ወደ ድንበሩ ይጫነዋልና። ስለቱ በሚወጣበት ዳር ተራፊ እንጨት ቢታሰር ጠርዙ አይላጥም። ይህ ሁሉ አስቀድሞ በውዳቂ ጣውላ ላይ ይፈተን።

ስለ ጥንቃቄ

ስለት ከመለወጥ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ዓይን በመነጽር፣ ጆሮ በመድፈኛ፣ አፍንጫ በመሸፈኛ ይጠበቅ። ሕፃናት ከሩቅ ሆነው ይመልከቱ እንጂ አይንኩ። ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር በዚሁ ድንበር መጋዝ ተመርቶ ሁለቱ መስመሮች ይበጡ፤ መካከሉም በመሮ ይውጣ።

ስሕተቱ ዳግመኛ እንዳይመጣ ሁለቱ ጎኖች ጎን ለጎን ተኝተው በአንድ ማስመሪያ በአንድ ጊዜ ይሰመሩ፤ የሚቦረቦረውም ወገን በምልክት ይጠቆር። መምህሩም የተደፈነውን ቦይ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው፤ ስሕተት በመሸፈን ሳይሆን በመለካትና በትዕግሥት እንደሚቀና ከዚያ ይማራሉ።